ሠራተኛው ሲለቅ ቢሮው ጋ ምን ይቀራል? የአነስተኛ የሙያ ድርጅቶች የሰው ኃይልና አእምሯዊ ካፒታል

የአንድ አነስተኛ የኦዲት ቢሮ የንብረት ዝርዝር ቢገለጥ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይገኝበትም። ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ፕሪንተር፣ ባንክ ያለ ገንዘብ፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ ሂሳብ። የጥብቅና ቢሮም፣ የአርክቴክቶች ቢሮም፣ የምህንድስና አማካሪም ከዚህ ብዙ አይለዩም። ዕቃው ሁሉ ተሰብስቦ ቢሸጥ የሚገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ያው ቢሮ ከነሥራው ይሸጥ ቢባል ግን ከዕቃዎቹ ዋጋ በላይ የሚከፍል ገዢ ይመጣል። የሚከፍለው ሥራውን ለሚያውቁት ሰዎች ነው። በየዓመቱ ተመልሰው ለሚመጡት ደንበኞች፣ ለተገነባው ስም፣ ለተለመደው አሠራር ነው። ይህ መዝገብ ላይ የማይታይ ሀብት አእምሯዊ ካፒታል ይባላል። ከአእምሯዊ ንብረት ጋር አንድ አይደለም። አእምሯዊ ንብረት እንደ ፓተንትና የቅጂ መብት ያለ፣ በሕግ የተጠበቀ መብት ነው። አእምሯዊ ካፒታል ከዚያ በጣም ይሰፋል፤ አብዛኛው ክፍሉም የትም አልተመዘገበም።

በትንሽ የሙያ ድርጅት ውስጥ ሰው መቅጠር፣ ማሠልጠን፣ መገምገምና ማሰናበት የድርጅቱን ዋና ንብረት ማስተዳደር ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ባለቤቶች ግን ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ የወረቀት ሥራ ያደርጉታል። ይህ ያሳስበኛል። የሚጠፋው ነገር በቀላሉ የሚተካ አይደለምና።

ሦስቱ ክፍሎች

ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ስካንዲያ የተባለው የስዊድን የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሌይፍ ኤድቪንሰን የተባለውን ባለሙያ የአእምሯዊ ካፒታል ዳይሬክተር አድርጎ ሾመ። ከ1994 ዓመታዊ ሪፖርቱ ጋርም ስለዚሁ ሀብት ብቻ የሚናገር ተጨማሪ ሪፖርት አያይዞ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በሦስት ከፍሎ ማየት የተለመደ ሆኗል።

አንደኛው ሰብዓዊ ካፒታል ነው። ሰዎች በጭንቅላታቸውና በእጃቸው ይዘውት የሚዞሩት ዕውቀት፣ ክህሎት፣ ልምድና ብልሃት ማለት ነው። ሁለተኛው መዋቅራዊ ካፒታል ይባላል። ሰዎቹ ቢወጡም ቢሮው ውስጥ የሚቀረው ነው፦ ፋይሎች፣ ቼክሊስቶች፣ የውል ናሙናዎች፣ የሥራ ቅደም ተከተል፣ «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚባለው ልማድ ጭምር። ሦስተኛው የግንኙነት ካፒታል ነው፤ ከደንበኞች፣ ከሌሎች ባለሙያዎች፣ ከተቆጣጣሪ አካላት ጋር ያለው መተማመንና የድርጅቱ ስም።

የመጀመሪያውን ድርጅቱ ይከራየዋል እንጂ የራሱ አያደርገውም። የሂሳብ ሕጎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለማይዳሰሱ ንብረቶች የሚደነግገው ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ስታንዳርድ ቁጥር 38 አንድ ነገር በንብረትነት እንዲመዘገብ ድርጅቱ ሊቆጣጠረው ይገባል ይላል። የሠለጠነ ሠራተኛ ግን ነገ መልቀቂያ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ለሥልጠና የወጣ ገንዘብ በወጣበት ጊዜ በወጪነት ይያዛል። አዲስ ኮምፒውተር ግን በንብረትነት ተመዝግቦ በየዓመቱ እርጅና ይታሰብለታል። ሕጉ የራሱ ምክንያት አለው። ችግሩ ባለቤቱ የመዝገቡን ዓይን የራሱ ዓይን ሲያደርገው ነው። ሥልጠና ወጪ መስሎ ብቻ ከታየው፣ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነው።

ትንሽ መሆን ምን ይለውጣል?

ሺህ ሠራተኛ ካለው ድርጅት አንድ ሰው ቢለቅ ብዙም አይታወቅም። ስምንት ሰው ካለው ቢሮ አንድ ሲወጣ ከመቶ 12 ነጥብ 5 የሚሆነው የሰው ኃይል ነው የሄደው። በዕውቀት ሲሰላ ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የግብር ክርክር የሚችለው እሱ ብቻ ከነበረ፣ የቢሮው የግብር ክርክር ዕውቀት መቶ በመቶ ወጥቷል።

ትንሽ ቢሮ የሰው ኃይል አስተዳደር (ኤችአር) ክፍል የለውም። የሚቀጥረውም፣ ደመወዝ የሚወስነውም፣ የሚመክረውም፣ የሚቆጣውም ባለቤቱ ወይም ከሸሪኮቹ አንዱ ነው። እሱ ደግሞ ሙያውን እንጂ ሰው ማስተዳደርን አልተማረም። ጥሩ ጠበቃ ስለሆነ ቢሮ ከፈተ፤ ቢሮው አደገ፤ ሳያስበው አሠሪ ሆነ። በዚህ የሚወቀስ ሰው የለም። ግን ሥራው ሥራ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ትንሽነት ጥሩ ጎንም አለው፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል እንጂ። ሁሉም ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ወይም ጎን ለጎን ይሠራል። ጁኒየሩ ሲኒየሩ በስልክ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር ይሰማል። አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ቀጠሮ አያስፈልግም። ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ዓይነት ቅርበት ለመፍጠር ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ። ትንሹ ቢሮ በነፃ አለው፤ ግን ካልተጠቀመበት ዋጋ የለውም።

ፋይሉ ያልነገረን ነገር

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ የአንድ አስመጪ ድርጅትን ሂሳብ ለአራት ዓመት ስትይዝ ቆየች እንበል። የድርጅቱ ሽያጭ በየዓመቱ በአንድ ወር ላይ ድንገት ከፍ ይላል። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ አንድ ትልቅ ገዢ የዓመቱን ትዕዛዝ በዚያ ወር ጠቅልሎ ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጠይቃ፣ ውሉን አይታ፣ ደረሰኞቹን አመሳክራ አረጋግጣለች። ፋይሉ ላይ ግን የጻፈችው «ተጣርቷል፤ ችግር የለውም» የሚል ብቻ ነው።

የወሊድ ፈቃድ ወጣች። የተካት ልጅ ፋይሉን ከፈተ። ቁጥሩ ዘለለበት። «ተጣርቷል» የሚለውን አየ፤ ግን በምን እንደተጣራ አያውቅም። ባለሙያ ነውና ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ለደንበኛው ደብዳቤ ጻፈ፤ ሰነድ ጠየቀ፤ መልስ ሲጠብቅ ቀናት አለፉ። በመጨረሻ የደንበኛው የፋይናንስ ኃላፊ ደውሎ «ይሄን እኮ ለእናንተው ከዓመታት በፊት አስረድቻለሁ! በየጊዜው አዲስ ሰው ማስተማር አለብኝ እንዴ?» አለ።

እዚህ ላይ ሦስቱም ካፒታሎች አንድ ላይ ይታያሉ። ዕውቀቱ ሰውዬዋ ጋ ነበረ። ወደ ፋይሉ አልተሻገረም። በዚህም የደንበኛው እምነት ተሸረሸረ። ማዳኛው ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ ግን ተመልከቱ፦ «በዚህ ወር ሽያጭ የሚጨምረው ዋናው ገዢ የዓመቱን ትዕዛዝ ስለሚወስድ ነው፤ ውሉ እዚህ ፎልደር ውስጥ አለ፤ ውሉ ሲታደስ ግን እንደገና ይታይ።» ሁለት መስመር ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ፋይል ላይ መጻፍ ያለበት ምን እንደተሠራ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደተሠራ ነው። የተሠራው ነገር ውጤቱ ላይ ይታያል። ምክንያቱ ግን ካልተጻፈ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ጠበቃው ይህን አንቀጽ ከውሉ ያወጣው ለምንድን ነው? መሐንዲሷ ርካሹን አማራጭ የተወችው ለምንድን ነው? ከስድስት ወር በኋላ ራሳቸውም ሊረሱት ይችላሉ።

ሁሉም ዕውቀት ደግሞ አይጻፍም። ልምድ ያላት መሐንዲስ የሕንፃ ሥዕል ስታይ «ይህ ምሰሶ ቀጥኖብኛል» ትላለች፤ ስሌቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዴት አወቅሽ ብትባል በቅጡ ማስረዳት ላትችል ትችላለች። የሃንጋሪ ተወላጁ ኬሚስትና ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ስለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት በሰፊው ጽፏል፤ ሰው የሚያውቀው ነገር ሊያስረዳ ከሚችለው ይበልጣል የሚል ነው ሐሳቡ። እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚተላለፈው አብሮ በመሥራት ነው። አጠገቧ ተቀምጦ አሥር ሥዕል ሲታይ፣ ምን ላይ ዓይኗ እንደሚያርፍ ሲታወቅ፣ ቀስ በቀስ ይጋባል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሞርተን ሀንሰን፣ ኒቲን ኖህሪያና ቶማስ ቲርኒ የአማካሪ ድርጅቶችን አሠራር አይተው ሁለት መንገዶች ለይተዋል። አንዱ ዕውቀትን ጽፎ፣ ከፋፍሎ፣ በሲስተም አስቀምጦ ደጋግሞ መጠቀም ነው። ሌላው ሰውን ከሰው ጋር ማገናኘት ነው። ድርጅቱ አንዱን ዋና አድርጎ ሌላውን በደጋፊነት ይያዝ፤ ሁለቱን እኩል ልሩጥባቸው ያለ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል ብለው መክረዋል። ለትንሽ ቢሮ የትኛው ይሻላል? ሥራው ተመሳሳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወርሃዊ የግብር ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ የተጻፈው ያዋጣዋል። እያንዳንዱ ሥራ አዲስ ፈተና ይዞ የሚመጣበት ቢሮ ግን ዋና ጉልበቱን በሰው ለሰው ላይ ያድርግ፤ ጽሑፉ አጭርና ምክንያት ተኮር ይሁን። ማንም የማይከፍተው ውድ ሶፍትዌር ገዝቶ «የዕውቀት አስተዳደር ጀምረናል» ማለት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ደንበኛው የማን ነው?

የግንኙነት ካፒታል እንዴት እንደሚሄድ ከሚያሳዩ የታወቁ ታሪኮች አንዱ የሳቺ ኤንድ ሳቺ ነው። ይህ የለንደን የማስታወቂያ ድርጅት በ1980ዎቹ በዓለም ላይ ከታወቁት አንዱ ነበር። በ1994 መጨረሻ ላይ ቅር የተሰኙ ባለአክሲዮኖች ግፊት አድርገው ከመሥራቾቹ አንዱን ሞሪስ ሳቺን ከሊቀመንበርነት አስነሱት። ወንድሙ ቻርልስና ሌሎች ቁልፍ ሰዎች ተከትለውት ወጡ። በ1995 ኤም ኤንድ ሲ ሳቺ የሚል አዲስ ድርጅት አቋቋሙ። ብሪቲሽ ኤርዌይስን የመሰለ ትልቅ ደንበኛም ተከተላቸው። ባለአክሲዮኖቹ ድርጅቱ የእኛ ነው ብለው ነበር፤ በወረቀት ትክክል ናቸው። ደንበኞቹን የያዘው ግን ወረቀቱ አልነበረም።

በትንሽ ቢሮም ያው ነው። ደንበኛው የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲወጣ ደንበኛውም አብሮ ይወጣል። ብዙዎች መፍትሔውን ውል ውስጥ ይፈልጋሉ፦ «ከለቀቅህ በኋላ ለሁለት ዓመት በዚህ ሙያ አትሠራም» የሚል አንቀጽ። የምሥጢር ጥበቃ አንቀጽ ተገቢ ነው፤ የሙያ ግዴታም ነው። ውድድርን የሚከለክለው አንቀጽ ግን እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከ1872 ጀምሮ በአብዛኛው ተፈጻሚነት የለውም። ያም ሆኖ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መናኸሪያ በሆነው የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ የዕውቀት ሥራ በዚያው ሕግ ሥር አብቧል። የሚጸናበት አገር ቢሆንም ክስ ጊዜና ገንዘብ ይበላል፤ የሄደ ደንበኛንም አይመልስም።

የሚሻለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ። ስብሰባ ሲኬድ ጁኒየሯ አብራ ትሂድ፤ ቦርሳ ለመያዝ ብቻ ግን አትሂድ። አንዱን የአጀንዳ ነጥብ እሷ ታስረዳ። ከስብሰባው በኋላ ያለውን ደብዳቤ እሷ ትጻፍ፣ ስሟም ይኑርበት። በሚቀጥለው ጊዜ ደንበኛው በቀጥታ ለእሷ ይደውላል። አንዳንድ ሲኒየሮች ይህን አይወዱም። ደንበኛን መያዝ ሥልጣን ነውና። ባለቤቱ ይህን አይቶ ደንበኛን ማጋራት ዕድገት የሚያሰጥ ነገር መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር። አርተር አንደርሰን የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የኦዲት ድርጅት በ2002 ከደንበኛው ከኤንሮን ኩባንያ የሂሳብ ማጭበርበር ቅሌት ጋር ተያይዞ ሲፈርስ በዓለም ዙሪያ 85 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለበትን ውሳኔ ሽሮታል። ድርጅቱ ግን በዚያን ጊዜ የኦዲት ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። ኦዲተር ስሙ ከጠፋ የሚሸጠው ነገር የለውም። ከስምንት ሰው አንዱ የማይገባ ፊርማ ከፈረመ የስምንቱም ስም ነው የሚጎድፈው። ስለዚህ በቅጥር ጊዜ ከሰርተፊኬቱ ቁጥር በላይ «አላውቅም» ለማለት የሚደፍር ሰው መፈለግ ይበጃል። ሥራ ስለበዛ ብቻ በጥድፊያ መቅጠር ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

«አሠልጥኜ ለሌላ ልስጥ?»

ይህ የትንሽ ቢሮ ባለቤት ሁሉ ሥጋት ነው። መሠረትም አለው። በ1992 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጋሪ ቤከር ሥልጠናን በሁለት ከፍሎ አሳይቷል። አጠቃላይ ሥልጠና የትም ቦታ የሚሠራ ክህሎት ይሰጣል። ልዩ ሥልጠና ደግሞ በአንድ ድርጅት ውስጥ ብቻ የሚጠቅም ነው። በአጠቃላዩ የሚገኘውን ጥቅም ሠራተኛው ይዞት መሄድ ስለሚችል አሠሪው ወጪውን ለመሸፈን አይጓጓም። በብዙ ሙያዎች ጀማሪዎች አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የሥልጠናውን ዋጋ በዝቅተኛ ደመወዝ እየከፈሉ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ትንታኔ ብዙ ባለቤቶች የሚወስዱት «እንግዲያውስ አላሠለጥንም» የሚለውን ነው። እኔ የምወስደው ሌላ ነው። በሙያ ቢሮ ውስጥ ሁለቱ ዓይነቶች ተቀላቅለው ነው የሚመጡት። የግብር ሕግ ማወቅ አጠቃላይ ነው። የእነዚህን አሥራ አምስት ደንበኞች ታሪክ፣ የሪፖርቱን አጻጻፍ፣ ከባልደረቦቹ ማን በምን ጎበዝ እንደሆነ ማወቅ ልዩ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው እዚህ ቢሮ ውስጥ የሚያመጣው ገቢ ሌላ ቦታ ከሚያመጣው ይበልጣል። ከዚያ ብልጫ ላይ ድርሻ ከሰጡት የመቆየት ምክንያት አለው። ብልጫውን ሁሉ ቢሮው ከወሰደው ግን የሚያቆየው ነገር የለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ያደገ ሰው ደመወዙ አብሮ አድጓል ወይ የሚለው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራው እጥፍ የተሻሻለ ልጅ ያው የጀማሪ ደመወዝ ላይ ከቆየ፣ ቢለቅ ማንም ሊገረም አይገባም።

ሥልጠና ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው አዳራሽና ሰርተፊኬት ይታየዋል። በሙያ ሥራ ትልቁ ትምህርት ቤት ረቂቅ ሲታረም ያለው ሰዓት ነው። ይህን ቀረብ ብለን እንየው። ጁኒየሩ ረቂቅ ሪፖርት ያቀርባል። ሦስተኛው አንቀጽ «በቂ ማስረጃ አግኝተናል» ይላል። ሲኒየሩ ቸኩሏል፤ አንቀጹን ራሱ አስተካክሎ ይልከዋል። ሪፖርቱ ያማረ ሆኖ ወጣ። ጁኒየሩ ግን ምን እንደተለወጠ እንኳ አላየም፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ይጽፋል።

ሌላው መንገድ ይህ ነው። ሲኒየሩ ኅዳጉ ላይ «ደንበኛው የትኛውን ማስረጃ? ቢልህ ምን ትመልሳለህ?» ብሎ ይጽፍና ይመልስለታል። ጁኒየሩ ሲያስበው ሁለት ሰነድ ብቻ እንዳለው ይገባዋል። ሃያ ደቂቃ አብረው ይቀመጣሉ። ሦስተኛውን ሰነድ የት እንደሚያገኝ፣ ባይገኝስ አንቀጹ እንዴት እንደሚለዝብ ይነጋገራሉ። የዛሬው ሪፖርት ሃያ ደቂቃ ዘገየ። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ሪፖርቶች ግን ያንን ጉድለት ይዘው አይመጡም።

ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ክፉ ሲኒየር አይደለም። የመለኪያው ጉዳይ ነው። በጥብቅናና በአማካሪነት ሥራ ለደንበኛ የሚቆጠር ሰዓት የሁሉ ነገር መመዘኛ ይሆናል። ማስተማር የሚጠይቀው ሰዓት ለማንም አይቆጠርም። ሲኒየሯ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብታስተምር በ48 የሥራ ሳምንት 96 ሰዓት ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት ሲሰላ አሥራ ሁለት የሥራ ቀን ነው። በዓመት መጨረሻ ቦነስ የሚታሰበው በተቆጠረው ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ያስተማረችው ካላስተማረው አሥራ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ትገኛለች። በዚህ ሁኔታ «ዕውቀት እንካፈል» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምንም አያመጣም። የማስተማር ሰዓት ይመዝገብ፤ በግምገማ ላይ ይቆጠር፤ ከቦነሱ ድርሻ ይኑረው። ቢያንስ ማንንም አያስቀጣ።

ትልቁ አደጋ ባለቤቱ ሊሆን ይችላል

ይህ የሚከብድ ክፍል ነው፤ ግን መዝለል አይገባም። በብዙ ትንንሽ ቢሮዎች ከሁሉም በላይ የማይተካው ሰው ራሱ መሥራቹ ነው። ዋጋ የሚተምነው እሱ ነው፤ በምን እንደሚተምን ግን የትም አልተጻፈም። አስቸጋሪ ደንበኛን የሚያበርደው እሱ ነው። እያንዳንዱ ደብዳቤ በእሱ በኩል ያልፋል። ሲታመም ወይም ዕረፍት ሲወጣ ሥራ ይቆማል፤ ስልኩ ግን አይቆምም። ብዙዎች ይህን እንደ ትጋት ያዩታል፤ እውነትም ትጋት ነው። ነገር ግን ቢሮው ከአንድ ሰው አቅም በላይ እንዳያድግ የሚያደርገው ይኸው ነው። አንድ ቀን ልሽጠው ወይም ላውርሰው ቢልም ገዢው የሚያየው ባለቤቱ ሲወጣ ባዶ የሚሆን ቢሮ ነው፤ የሚያቀርበው ዋጋም በዚያው ልክ ይወርዳል።

መውጫው በአንድ ቀን ሁሉን መልቀቅ አይደለም። አንድ ነገር መምረጥ ነው። ለምሳሌ የዋጋ ትመና። ከሲኒየሮቹ አንዷ ለአንድ አነስተኛ ሥራ ዋጋ ታውጣ፤ ባለቤቱ የራሱን ለብቻው ያውጣ። ከዚያ ሁለቱን ያነጻጽሩ። ልዩነቱ የመጣው ከየት ነው? «ይህ ደንበኛ ሰነድ አዘግይቶ ያመጣል፤ ስለዚህ ሰዓት ጨምሬበታለሁ» ሲል፣ ለዓመታት በጭንቅላቱ የነበረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ተነገረ ማለት ነው። ይህን ጥቂት ጊዜ ከደገሙ አነስተኛ ሥራዎችን እሷ ትተምናለች። ትሳሳት ይሆናል። የትንሽ ሥራ ስህተት ዋጋው ትንሽ ነው፤ ቀድሞ መማር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

መለካት ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም አቀፉ የስታንዳርዶች ድርጅት (አይኤስኦ) አይኤስኦ 30414 የተባለ፣ ድርጅቶች ስለ ሰብዓዊ ካፒታላቸው ሪፖርት የሚያደርጉበት ስታንዳርድ ወጥቷል። ለትንሽ ቢሮ ያን ሁሉ መከተል አይጠበቅበትም። አንድ ወረቀት ይበቃል። በግራ በኩል ቢሮው የሚሠራቸው ዋና ዋና ሥራዎችና ደንበኞች ይጻፉ፤ ከላይ የሠራተኞቹ ስም። ማን ምን ብቻውን መሥራት እንደሚችል፣ ማን የትኛውን ደንበኛ እንደሚያውቅ ምልክት ይደረግ። አንድ ምልክት ብቻ ያለበት መስመር አደጋ ነው። ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ስም ሥር የተከማቹ ከሆነም አደጋ ነው። ከዚያ በመጪዎቹ ሦስት ወራት ሁለት መስመር ላይ ሁለተኛ ምልክት ለመጨመር ይወሰን። ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ ማን ወደየትኛው ስብሰባ እንደሚሄድ፣ ቀጣዩ ቅጥር ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ከዚሁ ወረቀት ይወጣል።

ሲለቁ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይለቃል። የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፣ አገር ይለውጣል፣ የራሱን ቢሮ ይከፍታል። መልቀቂያ ከገባ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ የአራት ዓመት ዕውቀት መቅዳት አይቻልም። ርክክቡ እስከዚያ በየፋይሉ ተጽፎ፣ በሁለተኛው ሰው ተይዞ መቆየት አለበት። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላልተጻፈው ይዋሉ፦ የትኛው ደንበኛ ምን ያስቆጣዋል? የትኛው ጉዳይ ገና አልተቋጨም? ብቆይ ኖሮ ምን እለውጥ ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ የቅርብ አለቃው ባይጠይቅ ይመረጣል። ሌላ ሸሪክ ወይም ሌላ ሲኒየር ቢጠይቅ መልሱ ይበልጥ እውነተኛ ይሆናል።

አንዳንድ ባለቤቶች መልቀቂያ ያስገባን ሰው እንደ ከሃዲ ያዩታል። ከስብሰባ ያስቀሩታል፤ ኮምፒውተሩን ቀድመው ይዘጉበታል። የምሥጢር ጉዳይ ካለ ጥንቃቄው ትክክል ነው። በኩርፊያ ከሆነ ግን ጉዳቱ ለራሳቸው ነው። የተገፋ ሰው የሚያውቀውን አያካፍልም፤ የሚቀሩትም ነገ በእነሱ ላይ ምን እንደሚደርስ እያዩ ነው። በሰላም የሄደች ባለሙያ ደግሞ አንድ ቀን የሌላ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ትሆናለች፤ ኦዲተር መምረጥ ሲኖርባት ሥራቸውን ከውስጥ የምታውቃቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥር አላት።